ከሆስፒታል አልጋ ወደ ጤና ጣቢያ፦ የአእምሮ ሕሙማን ርክክብ በጉለሌ

በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ሕመሙ ጋብ ብሎለት ሲወጣ ሕክምናው አያበቃም፤ ቦታና ባለሙያ ይለውጣል እንጂ። ይህ ለውጥ ግን አስጊ ነው፤ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ራስን የማጥፋት አደጋ እጅግ የሚበረታው ታማሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል፤ በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ከዚያው ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ለጉለሌ ነዋሪ ከሐኪም ርቀት ይልቅ የሚከብደው የርክክቡ ጉዳይ ነው። ለአብነት፣ ስኪዞፍሬንያ ማለትም አስተሳሰብንና እውነታን የመለየት ችሎታን የሚያውክ ጽኑ ሕመም ያለበት ሰው በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሚወጋ የፍሉፌናዚን መርፌ ታዞለት ይወጣል እንበል። የመድኃኒቱ መጠንና የቀጠሮው ቀን የተጻፈበት ወረቀት በታማሚው ኪስ ብቻ ከሄደና ለጤና ጣቢያው ካልደረሰ፣ መርፌው ቢያልፈው ይህን አውቆ የሚፈልገው ባለሙያ አይኖርም።

ጤና ጣቢያ ይህን ክትትል ለመሸከም አቅም የለውም የሚባለው አያስኬድም። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ሥልጠናና ድጋፍ ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሰጡት ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አረጋግጧል።

ታማሚው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ደግሞ ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም። በዚያው በቡታጅራ አካባቢ የተጠየቁ ሕሙማንና አስታማሚዎች፣ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ረሃብ የሚያስታግስ ምግብ በቤታቸው አለመኖሩን እንደ ዋና ምክንያት ጠቅሰዋል፤ ይህን ሰምቶ «መድኃኒትህን አታቋርጥ» ብሎ ማሰናበት ብቻ ምክር ሊባል አይችልም። በጉለሌ ደግሞ ጸበሉ አለ። ጸበል የያዘ ሰው መድኃኒት መውሰድ የለበትም የሚለው አመለካከት ብዙዎችን ለሕመሙ ማገርሸት የዳረገ ቢሆንም፣ በእንጦጦ ማርያም የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበሉ አገልጋዮች ተባብረው፣ ሕሙማን ጸበሉን ሳይተዉ መድኃኒት እንዲወስዱ ያደረጉበት አሠራር ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ አሳይቷል።

እንግዲህ ሆስፒታሎች ታማሚውን ከማሰናበታቸው በፊት ክትትሉን ለሚረከበው ጤና ጣቢያ ደውለው ቀጠሮውን ማስመዝገብ፣ ጤና ጣቢያውም የቀረውን ሰው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ቤቱ ድረስ ማስፈለግ ይገባቸዋል። አስታማሚዎችም እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ ወይም ስለ ሞት ማውራት ሲያዩ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ታማሚውን ወደ ሕክምና ይውሰዱ።