«መስጊዱ ጋ ነው» አይበቃም



የዛሬ ጥቂት ዓመት በረመዳን፣ ለማፍጠር ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ በሰፈራችን አንድ ኩሽና ውስጥ የሳምቡሳ መጥበሻ ዘይት ተቀጣጠለ። አንድ ወጣት ወደ እሳት አደጋ ደውሎ «እሳት! መስጊዱ ጋ ነው!» አለና ስልኩን ዘጋ። አልሐምዱሊላህ፣ ጎረቤት ተረባርቦ ሰው ሳይጎዳ እሳቱ ጠፋ፤ ኩሽናው ግን ወደመ። መኪናው ቆይቶ ደረሰ። በአዲስ አበባ ስንት መስጊድ አለ? የትኛው ጋ ይምጣ? ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። በየጁሙዓው ሚንበር ላይ የምንወጣ እኛ አላስተማርነውም።

በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መጥሪያው 939 ነው። ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ እሳቱን አያይም፤ የሚያየው በደዋዩ አንደበት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ «የት ነው?» ይላል። ቀጥሎ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ፣ ውስጥ ሰው መቅረቱን፣ መኪና በየት በኩል እንደሚገባ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን «ጥያቄውን ትታችሁ ኑ!» ብለን እንቆጣለን። ነገር ግን የሚቃጠለው ቤንዚን ከሆነ፣ ጋዝ ሲሊንደር ካለ፣ ሰው ፎቅ ላይ ከቀረ፣ የሚላከው መኪናና ሰው ይለያያል። አምቡላንስ መጥራትና መብራት ማስቆረጥም በዚሁ መልስ ላይ የተመሠረተ ነው። በቀልድ የሚደውል ሰው ደግሞ የአንድን ወገኑን የጭንቅ ሰዓት ይሰርቃል፤ ይህ ከባድ ወንጀል ነው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ መጥበብ ለእሳት አደጋ መኪኖች እንቅፋት እንደነበር ሰምተናል። እኛስ ለተራዊህ ስንመጣ ቅያሱን በመኪና ዘግተን አይደል የምንሰግደው? መንገድ ላይ ያለን እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አንርሳ።

«ሶላት ላይ ሳለሁ እሳት ቢነሣስ?» የሚል ይኖራል። የሰው ሕይወት ለማዳን ሶላትን ማቋረጥ ግዴታ እንደሚሆን ዑለማዎች አስተምረዋል። አንዲትን ነፍስ ያዳነ የሰው ልጆችን ሁሉ እንዳዳነ መሆኑን ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ ነግሮናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ መቃጠሉ ሲነገራቸው፣ እሳት ጠላታችን መሆኑን ገልጸው ከመተኛታችን በፊት እንድናጠፋው አዘዋል። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሱሑር ሰዓት እንቅልፍ እየተጫጫነን ምድጃ ለምንለኩስ ይህ ትልቅ ምክር ነው።

ስለዚህ ዛሬ ካፈጠራችሁ በኋላ፣ ሻይ እየተጠጣ፣ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ይህን አድርጉ። ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የሰፈሩን ስም፣ የመስጊዱን ሙሉ ስምና መኪና የሚገባበትን መንገድ በወረቀት ጽፋችሁ ከ939 ጋር ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ልጆቹ ጮክ ብለው ይድገሙት። ደዋዩ ሳይፈቀድለት ስልኩን አይዝጋ፤ ሌላ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል። ዘይት ከተቀጣጠለ ውኃ አታፍስሱበት፤ በእጃችሁ ካለ ክዳን ክደኑት፣ ምድጃውንም አጥፉ። ከበረታ ሁሉን ትታችሁ ውጡና ደውሉ።

እኛ ስናፈጥር ስልክ አጠገብ ተቀምጠው የሚጠብቁልንን ሠራተኞችም በዱዓችሁ አትርሷቸው። አላህ ቤታችንን ከእሳት፣ እኛንም ከጀሀነም እሳት ይጠብቀን። አሚን።