ወደ ነቢይቱ ለምን ሄዱ?

አቃቂ ቃሊቲ አንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሦስት ጎረቤታሞች ስለ ነቢይ ወሬ ቢነሣ ሦስት የተለያየ ነገር ያስባሉ። ኦርቶዶክሷ ኅዳር 15 ቀን የሚገባው ጾመ ነቢያት ትዝ ይላታል፤ ዐበይት ነቢያት 4፣ ደቂቀ ነቢያት 12 ተብለው የተቆጠሩት ሁሉም ቀድመዋት ያለፉ ቅዱሳን ናቸው። ለወንጌል አማኙ ግን ነቢይ በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ስሙና ፎቶው በኮንፈረንስ ማስታወቂያ ላይ ተለጥፎ ሊያየው ይችላል። አድቬንቲስቱ ደግሞ፣ አቃቂ ከድሮ ጀምሮ የአድቬንቲስት ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ነውና፣ ኤለን ዋይትን (1827–1915 እ.ኤ.አ.) ያነሣል። ቤተ ክርስቲያኑ የትንቢት ስጦታ በእርሷ አገልግሎት ታይቷል ብላ ታምናለች፤ እርሷ ራሷ ግን መልእክተኛ መባልን ትመርጥ ነበር።

ሦስቱም የሚጠይቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የተናገረው ደረሰ ወይስ አልደረሰም? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ይህ መለኪያ በግልጽ ተቀምጧል። ምዕራፍ 13 ግን ከዚያ ቀድሞ፣ ምልክቱ የደረሰለት ነቢይም ሕዝቡን ከአምላኩ የሚያርቅ ከሆነ እንዳይሰማ ያዝዛል። ይህ ሁለተኛው ሕግ ዛሬ ብዙም ሲጠቀስ አልሰማም፤ በእኔ እምነት ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስፈልገናል።

ትንቢት መድረሱ ብቻውን ብዙ እንደማያስረዳ የራሳችን ታሪክ ያሳያል። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ስሙን ቴዎድሮስ አሰኘ። ትንቢቱ ተፈጸመ ማለት ነው? ወይስ ትንቢቱን የሚያውቅ ብርቱ ሰው ራሱን በትንቢቱ ልክ ሠራ?

ስለዚህ ነቢይነት በሥራው እንዴት እንደሚታይ ለማየት አንዲት ሴት ጋ መሄድ ይሻላል። በብሉይ ኪዳን ነቢይት ተብለው በስማቸው የተጠሩት አራት ናቸው፦ የሙሴ እኅት ማርያም፣ ዲቦራ፣ ሕልዳናና በነህምያ ላይ የተነሣችው ኖዓድያ። የኢሳይያስ ሚስትም ስሟ ሳይነገር ነቢይት ተብላለች። የአይሁድ ታልሙድ ደግሞ ሰባት ይቆጥራል፤ ከማርያም፣ ከዲቦራና ከሕልዳና ጋር ሣራን፣ የሳሙኤልን እናት ሐናን፣ አቢግያንና አስቴርን ጨምሮ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ622 ገደማ ንጉሥ ኢዮስያስ ቤተ መቅደሱን ሲያሳድስ ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ። ጸሐፊው ሳፋን አነበበለት፣ ንጉሡ ልብሱን ቀደደ፣ እግዚአብሔርን እንዲጠይቁለትም አምስት ሰዎች ላከ። ኤርምያስ ትንቢት መናገር ከጀመረ አምስት ዓመት ሆኖታል። እነርሱ ግን በኢየሩሳሌም ሁለተኛው ክፍል ወደምትኖረው፣ የልብስ ጠባቂው የሴሌም ሚስት ወደሆነችው ሕልዳና ሄዱ። ይህ የታልሙድ መምህራንን አስጨንቋቸዋል። ዘመዱ ስለሆነች ኤርምያስ አይከፋውም ነበር ያሉ አሉ፤ ሴቶች ይራራሉና ነው ያሉም፤ ኤርምያስ በዚያን ጊዜ በከተማዋ አልነበረም ያሉም። መጽሐፈ ነገሥት ግን ምክንያት አይሰጥም። የመጽሐፉ ጸሐፊ ነገሩ ማብራሪያ የሚሻ መስሎ አልታየውም፤ ይህ ዝምታ ስለ ሴት ነቢይት ከሚቀርብ ብዙ ክርክር ይልቅ ያሳምነኛል።

ሕልዳና መልሷን ስትጀምር የላካቸውን ንጉሥ አላለችውም፤ ወደ እኔ የላካችሁ ሰው ነው ያለችው። ስለሚመጣው ጥፋትም ከራሷ አዲስ ራእይ አላመጣችም፤ ንጉሡ የተነበበለት መጽሐፍ የሚለው በዚህ ስፍራ ላይ ይመጣል አለች። የቤተ መንግሥት ሠራተኛ ሚስት ሆና የባሏን ጌታ አገር ትጠፋለች ማለት ቀላል አልነበረም።

ለነቢይ ስለሚሰጥ ገንዘብም ማንሣት ግድ ነው፤ በቃሊቲ ፋብሪካዎች ውሎ የሚገባ ሰው ከወር ደመወዙ ዘር ዝራ ሲባል ጉዳዩ የኑሮ ጉዳይ ይሆናልና። መጽሐፉ ለነቢይ መስጠትን ፈጽሞ አይከለክልም። ሳኦል የጠፉትን አህዮች ፍለጋ ወደ ሳሙኤል ሲሄድ ብላቴናው የሰቅል ሩብ ይዞ ነበር። ኤልሳዕ ግን ከንዕማን ምንም አልተቀበለም፤ የተቀበለው ሎሌው ግያዝ በለምጽ ተመታ። ሚክያስ የሚቈጣባቸው ነቢያት ቃላቸው በክፍያው የሚለዋወጥ ነው፦ ለሚያበላቸው ሰላም፣ ለማያበላቸው ጦርነት። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያን መመሪያ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ በመንፈስ ሆኖ ለራሱ ገንዘብ ስጡኝ የሚልን አትስሙ ይላል።

ሐዲስ ኪዳን ሲመጣም የሰሚው ሥራ አይቀርም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሁለት ወይም ሦስት ነቢያት ይናገሩ፣ ሌሎቹም ይመርምሩ ብሎ ጻፈ። እርሱ ራሱ በቂሣርያ በፊልጶስ ቤት ባረፈ ጊዜ ትንቢት የሚናገሩ አራት ደናግል የፊልጶስ ልጆች በዚያ ነበሩ፤ ያሉት ነገር አለመጻፉ ያሳዝነኛል። ከይሁዳ የመጣው አጋቦስ ግን የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጁንና እግሩን አስሮ በኢየሩሳሌም የሚጠብቀውን ነገረው። ሁሉም እንዳይሄድ ለመኑት። ጳውሎስ ሰማ፣ ሄደም። ትንቢቱን አልናቀም፤ ውሳኔውን ግን ለነቢዩ አልሰጠም።

ነቢዩም ራሱ መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የተባለ ነቢይ ምርኮኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ከባቢሎን ይመለሳሉ ብሎ በሕዝብ ፊት ሲናገር፣ ኤርምያስ አሜን፣ እንዲህ ያድርግ አለ። ሐናንያ በኤርምያስ አንገት ላይ ያለውን ቀንበር ወስዶ ሰበረበት፤ ኤርምያስም ምንም ሳይመልስ መንገዱን ሄደ። መልሱ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ። ኤርምያስ በመጨረሻ ጭቃ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ሕልዳና ለኢዮስያስ በሰላም ወደ መቃብሩ እንደሚሰበሰብ ነግራው ነበር። እርሱ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ609 ገደማ መጊዶ ላይ ከፈርዖን ኒካዑ ጋር ገጥሞ ተገደለ። ሰላሙ ከተማዋ በ586 ስትፈርስ አለማየቱ ነው ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ በሞቱ ቀን ሳይሆን በመቃብሩ ነው የሚሉም አሉ። መጽሐፈ ነገሥትን የጻፉት ሰዎች ቃሏን በምዕራፍ 22፣ አሟሟቱን በምዕራፍ 23 አኖሩ፤ አንዱን ለሌላው ብለው አላረሙትም፣ ሕልዳናንም ነቢይት ማለታቸውን አልተዉም።