የማታ ማዕድና ጨዋታ በሰባታሚትና በአካባቢው

ሰባታሚት ከባሕር ዳር ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ የገጠር ቀበሌ ሲሆን፥ የሕዝቡ ነባር መተዳደሪያ እርሻ ነው። በዚህም ሆነ ጣናን በሚያዋስነው የጎጃም ምድር የገበሬው ቀን የሥራ፥ ማታው ደግሞ የባልንጀራ ነው። ወዳጅ ከወዳጁ ጋር እራት በልቶ፥ ጠላ ጠጥቶ፥ እንቆቅልሽ ተጠያይቆና ገበጣ ተጫውቶ የሚያመሽበት ልማድ ላይ ላዩን ሲያዩት ድካም መርሻ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን፥ ሰው በክብር ተራው የሚቀመጥበትና ወዲያውም ያ ተራ በጨዋታ የሚገለበጥበት፥ የራሱ ሕግ ያለው ሥርዓት ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሥርዓት በየክፍሉ ለይቶ ማስረዳት ነው።

፩. ስለ ቃሎቹ

«ጨዋታ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው እንደ ገበጣና እንደ ገና ያለው ውድድር ሲሆን፥ ሁለተኛው የሰዎች ወግ ነው። እንግዳ «ተጫወት» ሲባል ዝም አትበል፥ አውራ ማለት ነው፤ «ጨዋታ አዋቂ» የሚባለውም ንግግሩ የሚጣፍጥ ሰው ነው። ስለዚህ በተናጋሪው ሐሳብ ወግና ውድድር የአንድ ነገር ሁለት ገጾች ናቸው። «ባልንጀራ» የሚለውም ቃል «ባለ እንጀራ» ተብሎ ሲፈታ ኖሯል፤ እንጀራ የሚካፈሉት ሰው ማለት ነው። ላቲኖችም ጓደኛን «ኮምፓኒዮ» ሲሉ ዳቦ ተካፋይ ማለታቸው ነበርና፥ ሐሳቡ የአንድ አገር ብቻ አይደለም።

፪. ስለ ጊዜውና ስለ ጠሪው

እንዲህ ያለው ምሽት በማናቸውም ቀን አይደረግም። ረቡዕና ዓርብ፥ እንዲሁም በዐቢይ ጾምና በሌሎቹ አጽዋማት ሥጋ፥ ቅቤ፥ ወተትና እንቍላል ስለማይበላ፥ ድግሱ የሚስማማው ከጾም ውጭ ባሉት ቀኖች፥ ይልቁንም አዝመራ ከገባ በኋላ ባለው የበጋ ወራት ነው። የሚሰባሰቡትም በዘፈቀደ የተገናኙ ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ በወር አንድ ጊዜ በአንድ ቅዱስ ስም ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኞች፥ ሌሎቹ በወንፈል ተራ በተራ እየተረዳዱ የሚያርሱና የሚያጭዱ ናቸው። በደቦ ጊዜም ባለሥራው ለረዱት ሁሉ የሚያበላና የሚያጠጣ ስለሆነ፥ ማዕዱ የጉልበት ምላሽ ይሆናል። እንግዳው ሲነሣ «ብድር መላሽ ያድርገን» ማለቱ ይህን ያስረዳል። የተበላው እንጀራ በሌላ ማታ፥ በሌላ ቤት የሚመለስ ብድር ነው፤ ወዳጅነቱን የሚያቆየውም ብድሩ ፈጽሞ ተከፍሎ አለማለቁ ነው።

፫. ስለ ማዕዱ

በእራት ጊዜ የዕድሜና የክብር ቅደም ተከተል ይጠበቃል። ከቤቱ ልጆች አንዱ ውኃ ይዞ በታላቅ ጀምሮ ያስታጥባል፤ ቄስ ወይም ሽማግሌ ማዕዱን ይባርካል፤ ከዚያ በፊት እጁን የሚዘረጋ የለም። እንጀራው የጤፍ ወይም ከዳጉሳና ከበቆሎ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ጠላው ሲቀርብ ቀጂው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ይህም መጠጡ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር ነው። ባለቤቲቱ «በሞቴ» እያለች ስታስገድድ እንግዳው ጥቂት እንዲያንገራግር ይጠበቃል፤ ቶሎ እሺ ማለትም፥ ፈጽሞ እንቢ ማለትም ነውር ነው። ጉርሻም የራሱ ቍጥር አለው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማጉረስ ያጣላል፥ ሦስተኛው ግን ያፋቅራል ይባላል። ባጭሩ በማዕድ ዙሪያ ያለው ሁሉ ደረጃን የሚያስታውስና የሚያጸና ነው።

፬. ስለ እንቆቅልሽ

ማዕዱ ሲነሣ ነገሩ ይለወጣል። ጠያቂው ለወንድ «እንቆቅልህ»፥ ለሴት «እንቆቅልሽ» ሲል፥ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። በዚህ ጊዜ ልጅ አባቱን፥ ታናሽ ታላቁን ሊረታ ይችላል። የተጠየቀው መልሱን ካጣ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። የተረታውም አንድ አገር በስም ይሰጣል፤ ጠያቂው ካልወደደው እንቢ ብሎ ሌላ ያስጨምራል። ደስ ያለውን አገር ካገኘ በኋላ በዚያ ገብቶ የሚበላውንና የሚጠጣውን ምቾት ለራሱ፥ የቀረውን ውርደት ለተረታው እያደላደለ ይናገርና በመጨረሻ መልሱን ይገልጻል።

የቅጣቱ ዓይነት ሊመረመር ይገባዋል። ረቺው የሚጠይቀው ገንዘብ ወይም ከብት ሳይሆን አገር ነው። በጎጃም ርስት የሰው ማዕርግ መለኪያ፥ የዘር ሐረግ ምስክርና የክርክር ሁሉ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ላይ በተነሡ ጊዜ ከምክንያቶቹ አንዱ መሬቱ ተለክቶ ርስታችን ይነካል የሚል ሥጋት ነበር። የርስት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል፤ ጨዋታው ግን አልቀረም። በቀን በዳኛ ፊት በመሐላና በምስክር የሚያከራክረው መሬት፥ በማታ በምድጃ ዳር በአንድ ቃል ይሰጣል፥ በአንድ ቃል ይወሰዳል፥ ማንም ከርስቱ አይነቀልም። ስለዚህ እንቆቅልሽ የአእምሮ መሳያ ብቻ ሳይሆን፥ የሚያስፈራውን ነገር ወደ ሣቅ የሚለውጥ መሣሪያ ይመስላል።

«እንካ ስላንቲያ» የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። አንዱ ይጠራል፥ ሁለተኛው «በምንቲያ» ይላል፤ ጠሪው አንድ ነገር በስም ይጠራና ከዚያ ስም ጋር ቤት በሚመታ ቃል ጓደኛውን ይሰድባል። ስድቡ ቤት ከመታ ማንም አይቈጣም፤ ቤት ካልመታ ግን ተራ ስድብ ስለሚሆን የሚያፍረው ተሳዳቢው ነው። የቅኔ ትምህርት ቤቶች አገር በሆነው በጎጃም የቃል ውበት ይህን ያህል ሥልጣን ማግኘቱ አያስደንቅም።

፭. ስለ ገበጣ

ገበጣ በእንጨት በተፈለፈለ ሠሌዳ ወይም በመሬት ላይ በተቈፈሩ ጕድጓዶች፥ በጠጠር ወይም በፍሬ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከአንዱ ጕድጓድ ያነሣቸውን ጠጠሮች በተከታዮቹ ውስጥ አንዳንድ እያደረገ ይዘራል፤ ብዙ የሰበሰበ ይረታል። እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 በጎጃም የቈየው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1935 ስለ ሐበሾች ጨዋታ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ባወጣው ጥናት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ረድፍ የሆኑ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን ዘርዝሯል። ከዚሁ ጋር ሰንጠረዥን ማነጻጸር ይጠቅማል። ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ስለ ነበረ ሠሪው ጠራቢ፥ ተጫዋቹም ባለ ጊዜ መሆን ያሻው ነበር፤ ከመኳንንቱ ዘመን ጋርም አለፈ። ለገበጣ ግን መሬትና ጠጠር ስለሚበቃ እረኛውም ሽማግሌውም እኩል ይቀመጡበታል።

፮. ስለ ለውጡ

በባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፥ በ1963 የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የአካባቢው ገጠር ልጆች ወደ ትምህርትና ወደ ደመወዝ ሥራ ገቡ፤ ምሽቱንም ሬዲዮ፥ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ተካፈሉት። እነዚህ ወግ ያመጣሉ፤ ነገር ግን አድማጩ መልሶ «ምን አውቅልህ» አይላቸውም፥ ተረትቶም አገር አይሰጣቸውም።

እንግዲህ ይህን ልማድ የሚመዘግብ ተማሪ የእንቆቅልሹን ጥያቄና መልስ ብቻ ለቅሞ ቢመለስ ፍሬውን ትቶ ገለባውን እንደ ያዘ ይቈጠራል። ማን ማንን እንደ ጠየቀ፥ የተረታው የትኛውን አገር እንደ ሰጠ፥ የትኛውስ እንደ ተናቀና እንደ ተመረጠ አብሮ መጻፍ አለበት። አንድ ሕዝብ በቀን ያልተናገረውን የመሬቱን ፍቅርና ሥጋት የሚናገረው በዚያ ውስጥ ነውና።