የቻይና ዘንዶ ለምን ይጨፍራል?

ዘንዶ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋው አውሬ ነው አይደል? ቻይናዎች «ሎንግ» የሚሉት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እሳት ከመትፋት ይልቅ ከውሃ ጋር ነው የሚያያዘው። ቤቱ ወንዝ፣ ባሕርና ደመና፣ ሥራው ደግሞ ዝናብ ማዝነብ ነው።

የጭፈራውም ሥር እዚሁ ላይ ነው። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ዝናብ ሲጠፋ ሰብል ይደርቃል፣ ረሃብ ይመጣል። ስለዚህ ዘንዶውን መለመን ያስፈልጋል። ዶንግ ዦንግሹ የተባለው ሊቅ ጻፈው በሚባል መጽሐፍ ውስጥ ሥርዓቱ ልክ እንደ ቴክኒክ መመሪያ ተዘርዝሯል፦ ዘንዶ ከአፈር ይሠራል፣ ሰዎች ይጨፍራሉ፣ ቀለሙም በየወቅቱ ይቀየራል። በጸደይ አረንጓዴ፣ በሙቀቱ ወራት ቀይ፣ በብርዱ ጥቁር። ዛሬ በዘንግ ተሸክመው የሚያወዛውዙት ዘንዶ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ልመናው ለዝናብ ብቻ አልቀረም። በሆንግ ኮንግ ታይ ሃንግ የሚባል ሰፈር አለ። እንደ ሰፈሩ ትውፊት በ1880 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወረርሽኝ ሲገባ ነዋሪዎቹ ከሣር ዘንዶ ሠርተው፣ የሚጨስ ዕጣን ሰክተውበት፣ ርችት እየተኮሱ ሦስት ሌሊት ዞሩ፤ በሽታውም ጠፋ። ዛሬም በየዓመቱ በመጸው አጋማሽ በዓል 67 ሜትር የሚረዝም ዘንዶ ይዘው ይወጣሉ። ሌላ ቦታ በብዛት የምታዩት ግን በጨረቃ አዲስ ዓመት ነው፤ ለመልካም ዕድል። (ውስጡ ሁለት ሰው ብቻ ካለ እሱ ዘንዶ ሳይሆን አንበሳ ነው።)

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። የተለመደው ዘንዶ ጨርቅ የለበሰ የክብ ቀለበቶች ሰንሰለት ነው፤ ብዙ ጊዜ 9 ሰው በ9 ዘንግ ይይዘዋል። ታዲያ ሕይወት ያለው የሚመስለው እንዴት ነው? ሁሉም ዘንጉን እኩል ቢያነሱ ከፍ ዝቅ የሚል ቱቦ ብቻ ነበር የምናየው። ምስጢሩ መዘግየት ነው። እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን አይቶ፣ እሱ ያደረገውን ትንሽ ቆይቶ ይደግማል። ክፍተቱ 0.2 ሰከንድ ቢሆን፣ ራሱ የጀመረው እንቅስቃሴ ጭራው ጋ የሚደርሰው ከ1.6 ሰከንድ በኋላ ነው። ሰዎቹ ባሉበት ቢቆሙም ማዕበሉ ይጓዛል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ ሲሄድም እኮ እንዲሁ ነው፣ አየሩ ራሱ አብሮ አይሄድም።

ስምንት ጓደኛና ረጅም ገመድ ካላችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ ይበላሽባችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ደግሞ ቸኩሎ የሚያነሳው ነው።