የአደን ሽጉጥ እጀታ፦ ከመካከል ወይስ ከኋላ?

በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ጥገና ሙያ የምኖር እንደ መሆኔ፣ ቃታው በእጅ እየተሳበ ስለሚያጎርስ የአደን ሽጉጥ የሚጠይቁኝ ወዳጆች የእጀታውን ስፍራ የመልክ ጉዳይ ብቻ አድርገው ሲቈጥሩት ስለምሰማ፣ ይህ ግምት ከእውነት የራቀ መሆኑን በትሕትና ላስረዳ እወዳለሁ።

1. እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሬሚንግተን ኤክስፒ-100 የተባለው ሽጉጥ እጀታው ከመካከል ስለ ሆነ ክብደቱ በእጅ ላይ ተመዛዝኖ ያርፋል፤ ያለ ድጋፍ ለሚተኩስ አዳኝም ይስማማል። ዳሩ ግን ምላጩ በአገናኝ ዘንግ ስለሚሠራ የአሳሳቡ ጥራት ሊጓደል ይችላል።

2. ከኋላ ያለ እጀታ ያን ዘንግ ስለማይሻ የምላጩን አሳሳብ ያጠራል፤ ሆኖም ክብደቱ ወደ አፈሙዙ ስለሚያዘነብል መደገፊያ ያስፈልገዋል።

3. ከእጀታው ስፍራ ሌላ የቃታው እጀታ ያለበት ጎንም ይታሰብ፦ በቀኝ እጁ የሚጨብጥ ሰው፣ የቃታው እጀታ በግራ በኩል ቢሆንለት፣ ጭብጡን ሳይለቅ በግራ እጁ ያጎርሳል።

እንግዲህ አስቀድሞ የአተኳኮስን ልማድ መርምሮ የእጀታውን ስፍራ ከዚያ በኋላ መምረጥ ይገባል። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።