የደረት ቀዶ ሕክምናና ሰመመን፤ ተረትና እውነታ

በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ኖሯልና፣ ስለ ሳንባ ደዌ የሚነገረው ወግ በዚያ አካባቢ ሥር የሰደደ ቢሆን አያስደንቅም። ነቀርሳው በመድኃኒት ከዳነ በኋላ ያበላሸው የሳንባ ክፍል አልፎ አልፎ በቀዶ ሕክምና መውጣት ሲኖርበት፣ ብዙውን ጊዜ ቤተ ዘመድን ከቢላዋው ይልቅ የሚያስፈራው ሰመመኑ ነው።

«ደረት ከተከፈተ ትንፋሽ ይቆማል» ይባላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ አየር ወደ ደረት ሲገባ ሳንባ ስለሚኰማተር፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሳወርብሩኽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 የሕሙሙን ራስ በውጭ ትቶ፣ ገላውንና ሐኪሞቹን የአየር ግፊቱ በተቀነሰ ክፍል ውስጥ እስከ ማስገባት ደርሶ ነበር። ዛሬ ግን የሚቀደደው ሳንባ ሆን ተብሎ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ሁለት ቦይ ያለው ቱቦ በጉሮሮ ወርዶ፣ በቀጭን ካሜራ አቀማመጡ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አንደኛው ሳንባ ብቻ ይተነፍሳል። የፈጣሪ ጥበብም ያግዛል፤ አየር ያጣው ሳንባ የደም ሥሮቹን አጥብቦ ደሙን ወደ ባልንጀራው ይሰድዳል። ቀድሞ ለሚሠራው ሳንባ በየትንፋሹ ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 10 ሚሊ ሊትር አየር ይሰጥ የነበረው ጎጂ ሆኖ ስለተገኘ፣ አሁን ከ4 እስከ 6 ይበቃል።

«የሰመመን ባለሙያው ወግቶ ይሄዳል» የሚለውስ? ሐሰት ነው፤ ኦክስጅኑንና የልብ ምቱን እየጠበቀ ሕሙሙ እስኪነቃ ከራስጌው አይለይም።

«ጸበል ምግብ አይደለምና በማለዳው ቢጠጣ አይጎዳም» የሚለው ግን ማስተዋል ይሻል። ምግብ ከሰመመኑ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ቀድሞ መቆም አለበት፤ እምነት የተበጠበጠበት ጸበል ደግሞ እንደ ንጹሕ ውኃ አይቈጠርም፣ በሰመመን ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ሥጋ ወደሙን ለመቀበል 18 ሰዓት የሚጾም ምእመን ይህ አይከብደውም፤ የጠጣበትን ሰዓት ብቻ አይደብቅ።

«ሕመምን መቻል ጀግንነት ነው» የሚለው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጐድኑ ያመመው ሰው ስለማያስል አክታው ተጠራቅሞ የሳንባ ምች ያመጣበታል። ሕመሙን ለማስታገስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ይፋ በሆነው ዘዴ፣ አልትራሳውንድ እየመራ፣ ማደንዘዣው ከአከርካሪ አጠገብ ባለው ጡንቻ ሥር ይፈስሳል፤ መርፌው ከሕብለ ሰረሰር ርቆ ስለሚያርፍ «ሽባ ያደርጋል» የሚባለው ሥጋት እጅግ አነስተኛ ነው፤ ሕሙሙም በማግስቱ ትራሱን ደረቱ ላይ አቅፎ አጥብቆ እንዲያስል ይታዘዛል።