ከያቤሎ እስከ ቢሾፍቱ፦ ቀን ወፍ፣ ሌሊት የእሳት እራት

ከያቤሎ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መንገደኛ ሐሳቡ ሁሉ ሳይመሽ ቤቱ መግባት ላይ ነው። ወፍ ሊያይ የወጣ ሰው ግን አይቸኩልም። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መንገድ ከቦረና የግራር ሜዳ ተነሥቶ፣ የጌዴኦን ቡና አገር አቋርጦ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ያልፋል፤ አገሩ መልኩን በቀየረ ቁጥር ወፉም ይቀየራል።

የመጀመሪያው ማረፊያ ገና ከያቤሎ ሳይርቁ፣ በማለዳ ነው። ሰውነቱ አመድማ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ የዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነው የስትሬሰማን ቁራ እዚህ ይገኛል። ጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ ወፍ ከደቡብ ኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። ተመራማሪዎች ምክንያቱ ሙቀት መሆኑን ደርሰውበታል። የሚኖርበት ቦታ በዙሪያው ካለው ቆላ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታም ምግብ ፍለጋውን ቀንሶ ጥላ ሥር ያለከልካል። ማለዳ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ሐዋሳ ላይ አቅርቦ ማያ መነጽር እንኳ አያስፈልግም። በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳዎች ከሰው እግር ሥር ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ።

ለአዳር ወንዶ ገነት ተመራጭ ነው። በጫካው ውስጥ ቀን ቱራኮና በቀቀን ይታያል፤ ሲመሽ ተራው የእሳት እራት ይሆናል። ተመልካቾቹ በሁለት ዛፎች መካከል ነጭ አንሶላ ወጥረው ፊት ለፊቱ አልትራቫዮሌት የሚረጭ አምፖል ያበራሉ። ሌሎች ሣጥን ይመርጣሉ፤ አምፖሉ ከላይ ይበራል፣ ከሥሩ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ መግቢያ አለ። የገባው የእሳት እራት በውስጡ በተደረደረ የእንቁላል ካርቶን ሥር ተሸሽጎ ያድራል። ጠዋት ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያም ወፍ እንዳይለቅመው ቁጥቋጦ ውስጥ ይለቀቃል። ጨረቃ የሌለበት፣ ሞቅ ያለ ደመናማ ሌሊት ብዙ ያስገኛል።

ነፍሳቱ ወደ መብራት የሚሄዱበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሌሊት የሚበሩ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ደማቁ ወገን ያዞራሉ። ደማቁ ሰማይ ሲሆን ይህ ልማድ ሚዛናቸውን ይጠብቅላቸዋል፤ አምፖል አጠገባቸው ሲበራ ግን ጀርባቸውን ለእሱ እየሰጡ መሽከርከር ይጀምራሉ።

ቆጠራው ጥቅሙ ብዙ ነው። በእንግሊዝ የሮታምስቴድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያውን የመብራት ወጥመድ እ.ኤ.አ. በ1933 ተከለ፤ በ1968 የተጀመረው አገር አቀፍ ቆጠራም በ50 ዓመት ውስጥ ትልልቆቹ የእሳት እራቶች በሲሶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የገባው፣ በቆሎን የሚፈጀው መጤ ተምችም ሲያድግ የእሳት እራት ነው። የሴቷን ሽታ በሚመስል ኬሚካል ወንዶቹን የሚስብ ወጥመድ፣ ትሉ ማሳውን ሳይወርር መምጣቱን ያስታውቃል።

በማግስቱ ሻላና አብያታ ሐይቆች ይደረሳል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ጎረቤቱ አብያታ ግን ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ወደ እሱ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍና ውኃው ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ በእጅጉ ሸሽቷል። በሻላ ደሴቶች የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች አብያታ ላይ ዓሣ ይመገቡ ነበር። ጨዋማነቱ በርትቶ ዓሣው ሲያልቅ ምግብ ፍለጋ ራቅ ብለው መብረር ግድ ሆነባቸው። ፍላሚንጎ የሚመገበው ጨዋማ ውኃ የሚስማማውን ደቃቅ አልጌ በመሆኑ ዛሬም በዳርቻው ይታያል።

ባቱ ላይ ዓሣ በል ንስር ካዩ በኋላ የመጨረሻው ማረፊያ ቢሾፍቱ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጨለለቃ ሐይቅ ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ ዳክዬዎችን ያስተናግዳል። እዚህ ማስታወሻ ደብተሩ ይሞላል፦ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የወፉ ዓይነትና ብዛት። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ኢበርድ የተባለ ድረ ገጽ እንዲህ ያለውን መዝገብ ከማንኛውም ተመልካች ይቀበላል፤ ተመራማሪዎችም የወፎችን ስርጭትና ብዛት ለማጥናት ይጠቀሙበታል።